የአጋዘን ፈቃድ፣ የሐዘን ፈቃድ

ኦክቶበር 5፣ ቅዳሜ

ለካውንቲያችን ነዋሪዎች፣ ለትልቁ ሐይቅ ዓሣዎችና ነገሩ ይመለከተኛል ለሚል ሁሉ፦ ዛሬ ረፋዱ ላይ ከራይኖ ካንጋስ ጓሮ የፓስተራችንን አፍንጫ ቁርጥ አድርጎ የመሰለ ድንች በሰላም ተቆፍሮ ወጥቷል። ሁለት ቀዳዳ አለው። ከጎኑ ያለችው ኪንታሮት እንኳ አልቀረችም። ድንቹ ታጥቦና ተወልውሎ የወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ተቀምጧል፤ መጎብኘት የሚፈልግ ጫማውን አራግፎ መግባት ይችላል።

ጎብኚ አልመጣም።

ድሮ ቢሆን መጀመሪያ የማሳየው ለሄልቪ ነበር። «አንተ ሽማግሌ፣ በፓስተር ትቀልዳለህ?» ብላ ፊቷን ታዞርና ትከሻዋ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አይ ነበር። ሄልቪ ባለቤቴ ናት፤ ኤፕሪል ላይ አረፈች። ቀጥሎ የማሳየው ለአኒካ ነበር። አኒካ የልጄ ልጅ ናት፣ ዘጠኝ ዓመቷ። እኔን ኡኪ፣ ሄልቪን ሙሞ ነው የምትለን፤ ቅድመ አያቶቻችን ከፊንላንድ ሲመጡ ይዘዋቸው ከመጡት ጥቂት ቃላት ውስጥ እነዚህ አልጠፉም። እሷ ደግሞ ካለፈው ቅዳሜ ወዲህ እኔ ቤት አትመጣም።

ያለፈውን ቅዳሜ ልጻፈውና ይውጣልኝ። ጓሮ ካለው ሳውና፣ ከእንፋሎት መታጠቢያ ቤታችን፣ ወጥቼ በረንዳው አግዳሚ ላይ ላቤን አበርድ ነበር። አኒካ ለእራት ልትጠራኝ ስትመጣ ኮቴዋን ሰማሁ። ያው የድሮ ቀልዴን ቀለድኩ፦ አንገቴን ጣል፣ ምላሴን ወጣ፣ እጄን ዘርጋ አድርጌ ሞትኩ። ይኼን ሞት ዕድሜዬን ሙሉ ስሞተው ኖሬያለሁ። እናቴ ፊት ሞቻለሁ፣ መምህሬ ፊት ሞቻለሁ፣ በሠርጌ ቀን ኬኩ ፊት ሞቻለሁ። አኒካም ዳዴ ከምትልበት ጊዜ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ብብቴን ስትኮረኩረኝ እነሣለሁ። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ደነገጠች። ከዚያ በባዶ እግሯ ሜዳውን አቋርጣ ጎረቤቴ ዊልሆ ጋ ሄደች። ይኸው ነው። ልጅ ይደነግጣል፣ ልጅ ይረሳል።

ሄልቪም እዚያው አግዳሚ ላይ ነው ያረፈችው። ለእራት ልትጠራት ሄዳ ያገኘቻትም አኒካ ናት። ግን እኛ ቤት ሌላ አግዳሚ የለም። የት ልቀመጥ?

ኦክቶበር 7፣ ሰኞ

ልጄን ዳርሲን ነዳጅ ማደያው ጋ አገኘኋት። የአረጋውያን መጦሪያው ውስጥ ነርስ ናት፤ ከሌሊት ተራ ስትመለስ ሁልጊዜ እዚያ ትቆማለች። «አጋጣሚ ነው» አልኳት። እስክትመጣ ድረስ የመኪናዬን መስታወት ደጋግሜ ከመወልወሌ የተነሣ ባለማደያው ቀለሙ እንዳይለቅ ሲል ፎግሮኝ ነበር።

«አባዬ፣ አኒካ እንቅልፍ የላትም።»

«ልጅ አይደለች? ሲደክማት ትተኛለች።»

«እኔ ስተኛ ቀስ ብላ ትመጣና እጇን አፍንጫዬ ሥር ታደርጋለች። መተንፈሴን ልታይ። ዓርብ ደግሞ መምህሯ ጠረጴዛው ላይ ጋደም ቢል ክፍሉን በጩኸት አናወጠችው።»

«ያ መምህርማ ቆሞም ሬሳ ነው የሚመስለው» አልኩ። ምላሴ ከእኔ ቀድሞ ነው የሚነሣው።

ዳርሲ የቤንዚኑን ክዳን ዘጋች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«የትምህርት ቤቱ አማካሪ ለሦስት ትምህርት ቤት አንድ ሰው ነው። የሚችለውን ሞከረ። አሁን ፈቃድ ያላት የክሊኒክ ማኅበራዊ ሠራተኛ ፈልጉላት ብሎናል፤ ልጆችን በንግግር የምታክም፣ እዚሁ አካባቢ ያለች። እኔ ሌሊት እሠራለሁ፣ ቀን እተኛለሁ። ስልኩን አንተ ደውል።»

«እኔ?»

«ቀልዱን የቀለደው ማነው? እኔ ነኝ?»

መኪናዋ ውስጥ ገብታ መስኮቱን ዝቅ አደረገች። «እስክትጠራህ ድረስ ደግሞ ቤት አትምጣ። ይኼን ያልኩት እኔ አይደለሁም። እሷ ናት።»

ኦክቶበር 8

የዚያች ማኅበራዊ ሠራተኛ ሙያ ስሙ ሲረዝም! ጠርተውት እስኪጨርሱ ታማሚው ይድናል።

ከሁሉ የገረመኝ ፈቃዱ ነው። አጋዘን ለማደን ፈቃድ እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ፤ በየዓመቱ አወጣለሁ። ሐዘን ለማዳንም ፈቃድ ያስፈልጋል ማለት ነው። አጋዘን ማደን፣ ሐዘን ማዳን። ጥሩ ቀልድ ነው። ለሄልቪ ልነግራት መኝታ ቤቱ በር ድረስ ሄጄ ነበር።

አልገባሁም። ሶፋው ላይ መተኛት ለወገብ ጥሩ ነው ይላሉ።

ኦክቶበር 9፣ ረቡዕ

ቀኑን ሙሉ ስልክ።

የመጀመሪያው ሰውዬ አዋቂ ብቻ ነው የማየው አለ። ሁለተኛዋ ጡረታ ወጥታ በግ ታረባለች። «ስሜ እስካሁን ኢንተርኔቱ ላይ አለ እንዴ?» ብላ ሳቀችና ስለ አውራ በግ አወራን፤ ሥራውን ባትተው ኖሮ ጥሩ ሐኪም ይወጣት ነበር። ሦስተኛዋ ልጆች ታያለች፣ ግን በረዶ በሌለበት ቀን እንኳ ግማሽ ቀን የሚያስነዳ ቦታ ነው ያለችው። በረዶ የሌለበት ቀን ደግሞ ሊያልቅብን ነው። አራተኛው ጋ ስደውል አንዲት ሴት አነሣች።

«እሱ በጋ ላይ አረፈ» አለችኝ። «ቁጥሩን አልዘጋሁትም።»

«ይቅርታ እመቤቴ።»

«ኧረ ግድ የለም። ስልኩ ሲጮኽ ደስ ይለኛል።»

ምንም አልቀለድኩም። ሁለታችንም ስልኩን ቶሎ አልዘጋነውም።

አንዷ ስልክ ተቀባይ ልጅቷ ምንዎ ናት ብላ ስትጠይቀኝ «የጓደኛዬ የልጅ ልጅ» አልኳት። የተወለደችበትን ቀን ስትጠይቀኝ እሱን ብቻ ሳይሆን ስትወለድ የነበራትን ክብደትና በዚያች ቀን የጣለውን በረዶ ጭምር ነገርኳት።

«ጥሩ ጓደኛ ነዎት» አለችኝ።

ኦክቶበር 12፣ ቅዳሜ

ኅብረት ሱቁ ውስጥ፣ ከዱቄቱ መደርደሪያ ጀርባ፣ ሁለት ሴቶች።

«ሞቶ ጠበቃት አሉ እኮ!»

«በዚያው አግዳሚ ላይ?»

«በዚያው!»

«ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ቀልደኛ ነው።»

«ቀልደኛ!» ቃሉን የሞተ አይጥ በጭራው አንጠልጥሎ እንደሚያወጣ ሰው ነው ያለችው።

ዱቄቱን ሳልይዝ ወጣሁ። አኒካ መጀመሪያ እኮ ሳቀች። ይኼን ግን ማንም አያወራም።

ኦክቶበር 16

ዊልሆ መጥቶ ለአደን ጎጆው እንጨት ፈለጥን። ጎጆው የሁለታችን አባቶች የሠሩት ነው፤ ከጋብቻዬ በፊት ጀምሮ የአጋዘን አደን የሚከፈትበትን ኖቬምበር አሥራ አምስትን ሌላ ቦታ ውዬ አላውቅም። እዚህ አገር የገና በዓል ሊቀር ይችላል፣ ያ ቀን ግን አይቀርም። ትምህርት ቤት ይዘጋል። ጥርስ ሐኪሙ ይዘጋል። ያን ቀን የሚሞት ሰው ካለ ቀባሪ አያገኝም።

ዊልሆ ሥራ ላይ አያወራም። ምሳ ስንበላ ግን፦

«ልጅቷ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት።»

ዳቦውን አኝኮ አኝኮ ዋጠ። «ያን ቀን እግሯን ያጠብኳት እኔ ነኝ። ገለባው ወግቷት ነበር። አንዲት ቃል አልወጣትም።»

«ደንግጣ ነው። መጀመሪያ ስቃ ነበር።»

«ቀልድና ቅዘን ቤት ያበላሻል» አለ ዊልሆ። ከዚያ በኋላ የተሰማው የመጥረቢያ ድምፅ ብቻ ነው።

ኦክቶበር 22፣ ማክሰኞ

ተገኘች!

ዴልፊን ማርሶ ትባላለች። ከድልድዩ ማዶ ነው የመጣችው፤ በሳምንት ጥቂት ቀን ከተማችን እየመጣች፣ ከዓሣ ማጥመጃ ሱቁ በላይ ያለውን ክፍል ተከራይታ ትሠራለች። ልጆች ታያለች። ፈቃድ አላት። ይኼን ሁሉ የነገረችኝ ስልክ ተቀባይዋ ትሩዲ ናት።

«ግን ወረፋው ፌብሩዋሪ ነው» አለች።

«ልጄ፣ እስከ ፌብሩዋሪማ...» ቀልድ ፈለግሁ። ኪሴ ባዶ ነበር። «ልጅቷ አትተኛም» አልኩ።

ወረቀት ሲገለጥ ሰማሁ። «አንድ ቀን ባዶ አለ። ሙሉ ቀን ነው ባዶ የሆነው፣ ግን አይመችዎትም።»

«መቼ?»

«ኖቬምበር አሥራ አምስት።»

እሷም የዚህ አገር ልጅ ናት፤ ዝምታዬ ገብቷታል።

«ወይዘሮ ማርሶ እኮ የአደኑን ቀን አታውቅም» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሁሉም ሰው ቀጠሮውን ሲሰርዝ ወረርሽኝ የገባ መሰላት። ሌላ ቀን ልፈልግልዎት?»

«ያዢልኝ።»

«ለጓደኛዎ የልጅ ልጅ?»

ለካ ያን ቀን በሌላ ቁጥር ያነጋገርኳትም እሷው ነበረች፤ የሁለት ቢሮ ስልክ ትቀበላለች። «ለእኔ» አልኩ። «የእኔ የልጅ ልጅ ናት።»

ኦክቶበር 24

ዳርሲ በስልክ። ያን ቀን ከሥራ መቅረት አትችልም፤ የመጦሪያው ወንድ ሠራተኞች ሁሉ ጫካ ስለሚገቡ እሷ ቀንም ሌሊትም ናት። መስማማቷን ቀድማ ትፈርማለች፣ ወስዶ የሚያመጣት ግን እኔ ነኝ።

«እኔ መኪና ውስጥ ትገባለች?»

«እጠይቃታለሁ።»

ኦክቶበር 25። አልደወለችም።

ኦክቶበር 26። አልደወለችም። ድንቹ መጨማደድ ጀምሯል፤ ፓስተሩን ይበልጥ እየመሰለ ነው።

ኦክቶበር 27፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ዳርሲ አጠገቤ አለፍ ስትል፦ «እሺ ብላለች። ከኋላ ወንበር ከሆነ።»

ፓስተሩ እጄን ሲጨብጠኝ አፍንጫውን እያየሁ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ስብከቱ የነካኝ መስሎት ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ኖቬምበር 3

ለዊልሆ በመክፈቻው ቀን ጎጆው እንደማልመጣ ነገርኩት። ምክንያት ያስፈልግ ነበር። ኪንታሮት ይዞኛል አልኩት። ሐሳቡን ያገኘሁት ከድንቹ ነው።

«ኪንታሮት» አለ።

«ክፉኛ።»

«አባቴ እግሩ ተሰብሮ እንኳ በኖቬምበር አሥራ አምስት በበረዶ መንሸራተቻ ጎትቼው ገብቷል።»

«እግር ላይ አይቀመጡበትም፣ ዊልሆ።»

አየኝ። ለረጅም ጊዜ አየኝ። «እንግዲህ ይማርህ» አለ።

እውነቱን ብነግረው ምን ይለኛል? ምንም አይልም። የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

ኖቬምበር 9

ወይዘሮ ማርሶ ራሷ ደወለች። ድምፅዋ የተረጋጋ ነው፣ እንደ ሞቀ ውሃ። እርስዎም አብረው ቢገቡ ደስ ይለኛል አለች። የሆነውን በራስዎ አፍ ይንገሩኝ አለች።

ነገርኳት። «መጀመሪያ ሳቀች» አልኳት።

«እሺ» አለች።

እሺ! ምን ዓይነት እሺ ነው? ስንት ዓይነት እሺ እንዳለ የማያውቅ ሰው ሚስት አላገባም። ሄልቪ «ዓሣውን አጥቤዋለሁ» ስላት እንዲያ ያለ እሺ ነበራት፤ ከዚያ ዝም ብላ ደግማ ታጥበዋለች።

ኖቬምበር 14፣ ሐሙስ

ዕቅድ አለኝ። ነገ መኪናዬ ከተማ ውስጥ ከታየች አገር ሁሉ ምክንያቱን ያውቃል፤ በአሥራ አምስት ከጫካ የሚቀረው እብድና የእብድ ቤተሰብ ነው ይባላል። ስለዚህ የአደን ልብሴን ለብሼ፣ ብርቱካንማውን ካፖርቴን ደርቤ እወጣለሁ። ያየኝ ሰው ወደ ጎጆው እየሄደ ነው ይላል። ማን ይጠረጥረኛል?

ብልጥ ሽማግሌ ነኝ።

ኖቬምበር 15፣ ዓርብ

ብልጥ ሽማግሌ አይደለሁም።

ካፖርቱ ካለፈው ዓመት ጀምሮ መጋዘኑ ውስጥ ተሰቅሎ ነበር፤ ሳወርደው እንደ ሳንቃ ደርቋል፣ በረዶ ነው። ዳርሲ ወደ ሥራ ልትሄድ ስትል በር ላይ አኒካን አስረከበችኝ። ልጅቷ አላየችኝም። ከኋላ ወንበር ጥግ ገብታ ቀበቶዋን አሰረች። አድጋለች፤ ወይም ከስታለች።

ማሞቂያውን ከፈትኩላት። ጥቂት እንደሄድን መስኮቱን እስከ ታች አወረደችው። በረዶው ከነነፋሱ ይገባል። በመስታወት ሳያት አፍንጫዋን ወደ ውጭ አውጥታለች። እኔን በጣም ከመጥላቷ የተነሣ አንድ አየር መተንፈስ አልፈለገችም አልኩ ለራሴ። እሺ፣ ይገባኛል አልኩ። ጆሮዬ በብርድ እስኪደነዝዝ ዝም ብዬ ነዳሁ።

ከተማው ባዶ ነበር። ነፍስ ያለው ነገር የለም። ጫካ ውስጥ ብርቱካንማ የለበሰ ሰው ከሌሎች ብርቱካንማዎች ጋር ይቀላቀላል፤ ባዶ ጎዳና ላይ ግን እንደ ፋኖስ ነው የሚታየው። ማጥመጃ ሱቁ ውስጥ ያለችው ሴትዮ በመስኮት አየችኝ፣ ደረጃውን ስወጣም አየችኝ፣ ልጅቷንም አየች። እጇን አነሣችልኝ። እኔም አነሣሁ።

ወይዘሮ ማርሶ ወጣት ናት፤ ለእኔማ ሁሉም ወጣት ነው። ፈቃዷ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ቀረብ ብዬ የሚያበቃበትን ቀን አየሁ።

«ጊዜው አላለፈም?» አለች።

«የእኔንም በየዓመቱ ያዩብኛል» አልኳት።

ማሞቂያው አጠገብ ተቀመጥኩ። ካፖርቴ መቅለጥ ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ ወይዘሮ ማርሶ ጣሪያውን አየች፣ ወለሉን አየች፣ ጫማዋን ገልብጣ አየች። በጨዋ ድምፅ «ከሱቁ በታች የሆነ ነገር ሞቶ ይሆን?» አለች።

ሞቶ የሚለውን ቃል እንደተናገረች ወደ አኒካ ዞራ ደነገጠች። አኒካ ግን እኔን ነበር የምታየው። ከሴፕቴምበር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አየችኝ።

«የሞተ አይደለም» አለች ለሴትዮዋ፣ ለውጭ አገር ሰው እንደሚያስረዱ ቀስ ብላ። «የሴት አጋዘን ሽንት ነው። ከጠርሙስ ነው የሚረጩት፣ ወንዱ ሴት ያለች መስሎት እንዲመጣ። ኡኪ አፍሶበት ነው።»

ለካ መስኮቱ! ለካ አፍንጫዋ! የአደን ዘመኔ በሙሉ ከዚያ ሽታ ጋር ስለኖርኩ እኔ አይሸተኝም።

ወይዘሮ ማርሶ ካፖርቱን ራሷ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ውጭ ደረጃው መደገፊያ ላይ ሰቀለችው። ጀርባው ላይ፣ አንድ ዓመት ከዊልሆ ካፖርት ጋር ስለተለዋወጠብኝ፣ ሄልቪ በትልልቅ ጥቁር ፊደል «ካንጋስ» ብላ ሰፍታበታለች። እንደ ባንዲራ ዋና መንገዱ ላይ ሲውለበለብ ዋለ። እንግዲህ የተደበቅሁት እንዲህ ነው።

ከዚያ ሴትዮዋ ለአኒካ ትንንሽ የእንጨት ሰዎችና ቤት ሰጠቻት። አኒካ አንዱን ሰው አግዳሚ ላይ አስተኛችው። አንዷን ትንሽ ሰው አጠገቡ አስቀመጠቻት።

«ይቺ ምን እያደረገች ነው?» አለች ሴትዮዋ።

«እጁን ይዛ ተቀምጣለች።»

«አልሮጠችም?»

«የሙሞ ጊዜ ሮጣለች። ሰው ልትጠራ። ስትመለስ ሙሞን ሸፍነዋት ነበር፣ ሁለተኛ አላሳዩዋትም።» ትንሿን ሰው ወደ አግዳሚው አስጠጋቻት። «ስለዚህ አሁን አልሮጥም አለች። ብቻውን እንዳይሆን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ቆየ። ከዚያ ኡኪ ‹ቧ!› ብሎ ተነሣ።»

አፌን ከፈትኩ፤ ምላሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኔ ኋላ ቀረ። «ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኩ በመጨረሻ። ጫማዬን እያየሁ ነው ያልኩት። ወይዘሮ ማርሶ «እሷን እያዩ ይበሉት» አለች። እያየኋት አልኩት።

አኒካ የእንጨቱን ሽማግሌ ከአግዳሚው አንሥታ አቆመችው። «ዓይንህን ስትጨፍን ታፏጫለህ» አለች። «ሁልጊዜ። እንዳውቅ።»

«ስተኛስ?»

«ስትተኛ ታንኮራፋለህ። እሱ ይበቃል።»

ቀልድ አልነበረም። ሕግ ነው ያወጣችልኝ።

ስንወጣ ሴትዮዋ ወደኋላ አስቀረችኝ። «እርስዎስ አቶ ካንጋስ? ባለቤትዎ ካረፉ ወዲህ የሚያዩት ሰው አለ?»

«እኔ ፈቃዴ የአጋዘን ብቻ ነው» አልኳት።

አልሳቀችም። ቀጠሮ የምትጽፍበትን እስክሪብቶ ይዛ ጠበቀች። መልስ ሳልሰጣት ወረድኩ። ካፖርቴን ከደረጃው አንሥቼ ከመኪናው ኋላ ወረወርኩት፤ በሸሚዝ እየተንቀጠቀጥኩ ወደ ቤቷ አደረስኳት። መስኮቱን አልከፈተችም።

ኖቬምበር 16

ዊልሆ ከጫካ ተመልሶ በሩ ላይ የአጋዘን ጭን ጥሎልኝ ሊሄድ ሲል ደረስኩበት።

«ኪንታሮቱ እንዴት ነው?»

«ወይዘሮዋ አየችልኝ።»

«ሰምቻለሁ። ካፖርትህ እስከ ጎጆው ድረስ ሸትቶናል።» ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አደረገ። «ልጅቷ ተናገረች?»

«ተናገረች።»

«ጥሩ» አለ። በረዶውን ከእግሩ አራገፈ። ሊገባ ነው ብዬ መንገድ ለቀቅሁለት። አልገባም፤ ዊልሆ ነው። ግን መኪናው ጋ ደርሶ ዞረና፣ «አንተ እስክትመጣ የመሐሉ አልጋ ባዶ ነው» አለኝ።

ኖቬምበር 19

ለትሩዲ ደወልኩ። ለጓደኛዬ ነው አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ለእኔ ነው አልኩ። አልሳቀችም።

ኖቬምበር 20። አላፏጨሁም፤ ዓይኔን ስላልጨፈንኩ።

ኖቬምበር 21። ያው።

ኖቬምበር 22፣ ዓርብ

ሄድኩ። ብቻዬን። ካፖርቱን አልለበስኩም። መኪናዬን በሩ ላይ አቆምኩት። ስለ ድንች አወራኋት። ስለ ሶፋው ጠየቀችኝ። ስለ ወገቤ ነገርኳት። «እሺ» አለች።

ኖቬምበር 23፣ ቅዳሜ

አኒካ መጣች። ዳርሲ አስገብታ ሄደች፤ መንገዱ ማዶ መኪናዋን አቁማ ስትጠብቅ በመስኮት አየኋት፣ ያላየሁ መሰልኩ።

ድንቹን አሳየኋት። አሁን ተጨማዶ፣ ከቀዳዳዎቹ ነጭ ቡቃያ ወጥቶበታል። ፓስተሩ አፍንጫው ውስጥ ጸጉር ያበቀለ ይመስላል። በሕይወቴ ካየኋቸው ነገሮች ሁሉ ይኼ ይበልጥ የሚያስቅ ነው።

አየችው። ፈገግ እንኳ አላለችም። «ካልተበላ ይተከላል» አለች። አፈር በባልዲ አምጥተን ተከልነው፤ በዚህ ብርድ አይበቅልም አልኩ፣ መስኮቱ ጋ ይሞቃል አለች። ከዚያ ሳውናው ጋ ያለውን በረንዳ በመስኮት ለረጅም ጊዜ አየች። እኔም ወንበሬ ላይ ተደግፌ ዓይኔን ጨፈንኩና አፏጨሁ። ዜማው ጠፍቶብኛል፣ ነፋስ ብቻ ነው የወጣው። ግን አፏጨሁ። አንዴ አፍንጫዬ ሥር ትንሽ ሙቀት ተሰማኝ፤ እጇ ነበረች። ከዚያ እጇን ሰበሰበች።

ኖቬምበር 24፣ እሑድ

ትላንት ፈገግ አለች ብዬ ልጽፍ ነበር። እጄን ያዝኩት። ይህን ካስተካከልኩ ያንንም ላስተካክል።

የድንቹ ነገር እውነት ነው፤ ኪንታሮቱም፣ አፍንጫውም። ካፖርቱም እውነት ነው፣ ያፈርኩበት ሁሉ እውነት ነው። የፈጠርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። መጀመሪያ ሳቀች ያልኩት። ለዊልሆ ያልኩት፣ ለሴትዮዋ ያልኩት፣ እዚህ የጻፍኩት። አልሳቀችም። ድምፅ አላሰማችም። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፣ እጄን በሁለት እጇ ያዘች። አውቄያለሁ። የሞትኩ እንደመሰላት ከመጀመሪያው አውቄያለሁ።

ዓይኔን ያልገለጥኩት ለቀልዱ አልነበረም። ከኤፕሪል ወዲህ እጄን የያዘኝ ሰው አልነበረም።